ኖን ካፌ

ኖን ካፌ፦ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በግቢው ምግብ ቤት መመገቡን ትቶ የምግቡን ወጪ በየወሩ በገንዘብ የሚቀበል ተማሪ መጠሪያ። በግቢው የሚመገበው «ካፌ» ይባላል።

አሠራር፦ ገንዘቡ ስጦታ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ 15 በመቶ ይጋራል፤ ዕዳውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። የምግብ ተመኑ ለዓመታት በቀን 15 ብር፣ ለ30 ቀን 450 ብር ነበር፤ በኋላ ወደ 22 ብር ከፍ ብሎ ነበር።

ኑሮ፦ ከጎጃም ወይም ከወሎ ተመድቦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ ከተማው እንደ ባዕድ አገር ሊሆንበት ይችላል፤ የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ሲዳምኛ፣ ባህላዊ ምግቡ ቆጮ፣ የተማሪው ቤተሰብ ሩቅ። እናቱ የቋጠረችለት በሶና ቆሎ የወር መጨረሻን ያሻግረዋል። ጓደኛሞች አንድ ሽሮ አዝዘው እንጀራ እያስጨመሩ በአንድ ትሪ ይበላሉ። ጠንቃቃው ብሩ እጁ እንደገባ የወሩን ምግብ አስቀድሞ ይከፍላል። ገበያው ከተመኑ ሲያልፍ ልዩነቱን የሚሸፍነው ቤተሰብ ነው፤ የሚላክለት ለሌለው ተማሪ ግን የግቢው ምግብ ቤት ዋነኛ መጠጊያ ነው።