ፒኤስኤ
ፒኤስኤ (ፕሮስቴት ተኮር አንቲጅን) የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን የፕሮስቴት ካንሰርን ለመጠርጠር ይለካል። በአሜሪካ ምርመራው በ1986 እ.ኤ.አ. ለታመሙ ሰዎች ክትትል፣ በ1994 ደግሞ ለቅድመ ልየታ አጋዥነት ተፈቀደ። ጉድለቱን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ጠቋሚነቱ ለዕጢው እንጂ ለካንሰሩ አይደለም። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የዕጢው መተለቅ፣ ኢንፌክሽንና የሽንት ካቴተር ልኬቱን ከፍ ያደርጉታል። በሚሊ ሊትር 4 ናኖ ግራም ከሚባለው የተለመደ ወሰን አልፈው የዕጢ ናሙና ከተወሰደላቸው ወንዶች ካንሰር የሚገኝባቸው ሩብ ያህሉ ናቸው፤ ከወሰኑ በታች ሆኖም ካንሰር ሊኖር ይችላል። ልኬቱ ለሕይወት የሚያሰጋውን ካንሰር ቀስ ብሎ ከሚያድገው አይለይም። ማረጋገጫው በመርፌ የሚወሰድ የዕጢ ናሙናና የፓቶሎጂ ምርመራ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ለምሳሌ ለደባርቅ ነዋሪ፣ ይህን ምርመራ ማግኘት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎንደር ከተማ መውረድን ሊጠይቅ ይችላል።