ማረፍና መቆም፤ የአክሱም ሐውልት የመልስ ጉዞ

በአማርኛችን «ማረፍ» የሚለው ግሥ ብዙ ሸክም የተጫነበት ነው። መንገደኛ ከድካሙ ያርፋል። ወፍ ከቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች። ሰው ከዚህ ዓለም ሲለይ ዐረፈ ይባላል። አውሮፕላንም ከሰማይ ወደ ምድር ሲወርድ አረፈ እንላለን። ረዥም ዘመን በባዕድ አገር ቆይቶ በአየር ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የዚህን ግሥ የመጨረሻ ትርጉም በናፍቆት ይጠብቃል፤ ጎማው መሬት ሲነካ «እፎይ፣ ገባሁ» ይላል። ይሁንና ማረፍና መመለስ በእርግጥ አንድ ናቸውን? ከአውሮፕላን የወረደ ሁሉ ወደ አገሩ ተመልሷልን?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር አንድ ልዩ መንገደኛ በምስክርነት እንጠራለን። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ፣ ዕድሜው 1,700 ዓመት ገደማ ነው። በባዕድ ምድር 68 ዓመት ከቆየ በኋላ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተጭኖ አገሩ ገብቷል። ይህ መንገደኛ የአክሱም ሐውልት ነው።

የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ታላላቆቹ የአክሱም ነገሥታት ከሚቀበሩበት ምድር በላይ ተተክለው የኃያሉን መንግሥት ክብር ሲመሰክሩ ኖረዋል። ድንጋዩ የወጣው ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የጎቦ ድራ ኮረብታ ነው። ጠራቢዎቹ በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ በር፣ መስኮትና የወራጅ ጫፍ ቀርጸው ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበ ቤት አስመስለውታል። ሐውልቱ ያስታውሰው ዘንድ የተተከለለት ንጉሥ ማን እንደ ነበር ድንጋዩ አይናገርም፤ የጠራቢዎቹን ስም የመዘገበም የለም። የመሮአቸው ምት ግን እስከ ዛሬ በድንጋዩ ላይ ይነበባል። ዙፋን ያልፋል፤ የሠራተኛው እጅ ያኖረው አሻራ ይቀራል።

ይህ ሐውልት ከጊዜ በኋላ ወደቀ፤ ተሰባበረ፤ በወደቀበትም ስፍራ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ተኝቶ ኖረ። 33 ሜትር የሚሆነው ታላቅ ወንድሙም እንዲሁ ወድቆ በአጠገቡ ተጋድሟል። 21 ሜትር የሚሆነው ሦስተኛው ግን ጥቂት ዘንበል ብሎም ቢሆን እስከ ዛሬ ቆሟል። የአክሱም ሕዝብ በወደቁትና በቆሙት መካከል ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን እየዳረ፣ የጽዮንን በዓል እያከበረ ኖረ። የወደቀው ድንጋይ የተጣለ ድንጋይ አልነበረም። የታመመ አባት በአልጋው ላይ እንደሚተኛ በቤቱ የተኛ ነበር።

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ሲገባ ብዙም ሳይቆይ አክሱምን ያዘ። የጥንቶቹ ቄሣሮች ግብፅን ድል ባደረጉ ጊዜ የፈርዖኖችን ሐውልት ወደ ሮማ አግዘው ነበርና፣ ራሱን የቄሣሮች ወራሽ አድርጎ የቆጠረው ሙሶሊኒም እንደ እነርሱ ማድረግ ፈለገ። የተሰባበረው ሐውልት በከባድ መኪናዎች ላይ ተጭኖ ወደ ምፅዋ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ መጋቢት 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ናፖሊ ደረሰ። የመርከቧ ስም «አድዋ» ነበር። ወራሪው የ1888ቱን ሽንፈት ምን ያህል እንዳልረሳው ይህ ስም ብቻ ይበቃል። ድንጋዩ ናፖሊ የደረሰው አዲስ አበባ በየካቲት 12 በደም ከታጠበች ከ36 ቀን በኋላ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ሕዝቡን የጨፈጨፈው እጅና ቅርሱን የጫነው እጅ አንድ እጅ ነበር።

በሮማ ስብርባሪው ተገጣጥሞ፣ በብረት ካስማ ተያይዞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1930 ዓ.ም. ፋሺስቶች ወደ ሮማ የዘመቱበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ተመረቀ። የቆመውም የኢጣልያ የአፍሪካ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን በታሰበው ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር።

እዚህ ላይ ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረውን አንድ ሙግት ማንሳት ያስፈልጋል። «ሐውልቱ በአገሩ ወድቆ ነበር፤ እኛ አነሣነው፤ ገጣጥመን አቆምነው። ታዲያ ወድቆ ወደ ነበረበት ስፍራ ለምን እንመልሰዋለን?» የሚል ነበር። ሙግቱ ለጊዜው የሚያሳምን ይመስላል። ነገር ግን ለማን ቆመ? በማን ፊት? አንድ ምርኮኛ ተሸልሞና ቀና ብሎ በአደባባይ እንዲቆም ቢደረግ የቆመው በራሱ ክብር አይደለም፤ ለማራኪው ክብር ነው። በቤቱ የተኛ በሽተኛ ከዚህ ምርኮኛ ይልቅ ነጻ ነው። የመቃብር ምልክት ከመቃብሩ ተለይቶ የመንገድ ጌጥ ሲሆን ቁመቱ ሳይጎድል ትርጉሙ ይወድቃል።

ፋሺዝም ከተደመሰሰ በኋላ ኢጣልያ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ ግዴታ ገባች። ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎች፣ መዛግብትና ታሪካዊ ቅርሶች ሁሉ ውሉ ከጸናበት ቀን አንሥቶ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ተስማማች። ውሉ ከተፈረመበት ቀን እስከ ሐውልቱ መመለስ ድረስ 58 ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል የሚኒስቴሩ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤት ሆነ። የቅኝ ገዢዎች ደጅ የነበረው የረሃብተኞች ጉዳይ የሚመከርበት ደጅ ሆነ። የሕንፃው ሥራ ተለወጠ፤ ምርኮኛው ግን ከደጁ አልተነሣም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት አንድ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሐውልት አጠገብ አለፈ። አበበ ቢቂላ ነበር። የማራቶኑ መንገድ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በዚሁ ስፍራ ያልፍ ነበርና፣ አበበ ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድሞ በተማከረው መሠረት ተፎካካሪውን ለመለየት ፍጥነቱን የጨመረው ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ እንደ ነበር ይነገራል። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ የዓለም ባለድል ሆነ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ወርቁን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሁለት ኢትዮጵያውያን በሮማ አንድ ሌሊት ተገናኙ፤ አንዱ ተመለሰ፣ አንዱ ቀረ። የሮጠው ለቆመው የምሥራች ነጋሪ ነበር ብንል ከታሪኩ አንርቅም።

የቀረው እስኪመለስ ግን ሌላ 44 ዓመት ግድም ፈጀ። ምሁራን ጻፉ፤ ተቆርቋሪዎች ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሕዝብም ጠየቀ። በ1989 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሐውልቱ እንዲመለስ ተስማሙ። ወዲያው ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሣና የመጣበት የምፅዋ መንገድ ተዘጋ። በግንቦት 1994 ዓ.ም. ሮማ ላይ መብረቅ ሐውልቱን መትቶ ከጫፉ ላይ ድንጋይ ገነጠለ። ጉዳቱ «በሮማ ቢቆይ ይጠበቃል» የሚለውን ሙግት አብሮ ገነጠለው። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ የማፍረሱ ሥራ ተጀመረ፤ ሐውልቱም ወደ ሦስት አካላት ተከፍሎ ወረደ።

ከዚህ በኋላ የመንገድ ነገር መጣ። በባሕር እንዳይሄድ ወደቡ ዝግ ነው። በሌላ ወደብ በኩል በመኪና እንዳይሄድ መንገዱና ድልድዩ ያን የመሰለ ሸክም አይችልም። የቀረው ሰማይ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ አካል ብዙ አሥር ቶን የሚመዝን በመሆኑ ሊሸከሙት የሚችሉ የአውሮፕላን ዓይነቶች በዓለም ላይ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ አንቶኖቭ 124 ነው፤ ክንፎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ 73 ሜትር ይደርሳሉ። አክሱም ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጥ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከባድ አውሮፕላን ለመነሣትም ሆነ ለማረፍ ረዘም ያለ ሜዳ ይሻል። ስለዚህ መንገደኛው ከመምጣቱ በፊት ማረፊያው መሻሻል ነበረበት። እንግዳ የሚቀበል ቤት አስቀድሞ ደጁን እንደሚያሰፋ፣ አክሱምም ደጇን አሰፋች።

ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. መካከለኛው አካል በቅድሚያ አክሱም ገባ። ሚያዝያ 14 እና ሚያዝያ 17 ቀን ቀሪዎቹ ሁለቱ ተከተሉት። በመኪናና በመርከብ ተጎትቶ የወጣው ድንጋይ በሦስት በረራዎች ተመለሰ። ሕዝቡ በእልልታና በደስታ ተቀበለው። ብዙዎቻችን ታሪኩ በዚያ ቀን ያለቀ መስሎን ነበር።

አላለቀም። ሐውልቱ ካረፈ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ መሬት ላይ ተኝቶ ቆየ። የሚተከልበትን ስፍራ ያጠኑ ባለሙያዎች ምድሩ ከዚህ ቀደም ከታወቀው እጅግ የሰፋ የመቃብር ስፍራ መሆኑን አገኙ። እንግዲህ የልጁን መመለሻ ለማመቻቸት ተብሎ የአያቶቹ መቃብር ሊፈርስ አይገባም ነበር። መሠረቱ ተመረመረ፤ ንድፉ ተስተካከለ። ሁለተኛም የብረቱ ነገር ነበር። በዩኔስኮ ኃላፊነት በተከናወነው ሥራ ሦስቱ አካላት የተያያዙት ከብረት ይልቅ በጠንካራ ሰው ሠራሽ ጭረት በተሠሩ ዘንጎች ነው። በባዕድ አገር የገባበትን ብረት ይዞ አልቆመም። ሦስተኛም፣ በአጠገቡ ያለው ዘመም ያለው ሐውልት በሥራው ንቅናቄ እንዳይጎዳ በብረት ድጋፍና በገመድ ተደግፎ ተጠበቀ። ከአገሩ ያልወጣው ወንድም፣ የወጣው ሲመለስ እንዳይወድቅ መደገፍ አስፈለገው።

ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሁለተኛው ሺሕ ዓመት ሊፈጸም አንድ ሳምንት ሲቀረው ሐውልቱ በአክሱም ቆሞ ተመረቀ። ፋሺስቶች ሲወስዱት ወድቆ ነበር፤ ሲመለስ ግን በአገሩ ምድር፣ በአባቶቹ መቃብር አጠገብ፣ ከብዙ ምዕተ ዓመታት በኋላ ዳግመኛ ቆመ። «ወድቆ ወደ ነበረበት ለምን ይመለሳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ያረፈው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ የተመለሰው ግን በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው።

የድንጋዩ ታሪክ የሰውም ታሪክ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ከዘረፋቸው ቅርሶች ሌላ ሁለት ሕፃናት ከአገር ወጡ። አንዱ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው፤ ገና በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ዐረፈ፤ ዐፅሙም እስከ ዛሬ በዊንድዘር ይገኛል። ሌላው በጦሩ ሜዳ የተገኘው ወርቅነህ እሸቴ ነው። በሕንድ አድጎ፣ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ፣ ሐኪም ሆነ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገሩ ሲመጣ ዘመዶቹ ዐወቁት፤ እርሱ ግን የእናቱን ቋንቋ አጥቶ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ አዲስ አበባ በገባ ቀን አርፏል እንጂ አልተመለሰም። የተመለሰው በሽተኛ ሲያክም፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲመራ፣ በወረራውም ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኖ ስለ አገሩ ሲሟገት ነው። ዓለማየሁ ዐርፏል፤ ወርቅነህ ቆሟል።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሠራችውና ወራሪው ወደ ኢጣልያ የወሰዳት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ለኢትዮጵያ ተመለሰች። እርሷም አሁን የምትጠብቀው መቆሚያ አላት፤ ይኸውም የሠሯትን እጆች የሚያስታውስና ለሥራ የሚነሣ ትውልድ ነው።

ዛሬ ከሩቅ አገር ተሳፍረው የሚመለሱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ከትምህርት የሚመለስ አለ፤ ከሥራ፣ ከስደት የሚመለስ አለ። ከአየር ማረፊያው በር ላይ አበባና እልልታ እንሰጣቸዋለን፤ በማግሥቱም እንረሳቸዋለን። እነርሱም በበኩላቸው ያረፉበትን ቀን የተመለሱበት ቀን አድርገው ይቆጥሩታል። የአክሱም ሐውልት ለሁለታችንም የሚያስተምረው አለ። ተመላሹ በባዕድ አገር የተገጠመለትን ብረት አውጥቶ አካሉን ለአገሩ በሚስማማ ማያያዣ ማያያዝ ይገባዋል። ተቀባዩም ከእግሩ ሥር ያለውን ምድር መመርመርና መሠረቱን ማበጀት ይገባዋል። ሁለቱም ደግሞ ከአገሩ ሳይወጣ ዘንበል ብሎ የቆመውን ወንድም መደገፍ አለባቸው፤ የአንዱ መነሣት የሌላው መውደቂያ እንዳይሆን።

መምህሩ በክፍሉ፣ ከያኒው በመድረኩ፣ የሕዝብ አገልጋዩም በሥራው ቦታ ይህን የመቀበል ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ማረፍ የአብራሪው ሥራ ነው። ማቆም ግን የሁላችንም ነው።