«እንዴት ከረማችሁ?»፦ ክረምት፣ መንገድና ርሃብ በመርሳና በወልድያ መሥመር



በነሐሴ ወር ከደሴ ወደ ወልድያ የተጓዘ ሰው የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ ከመጽሐፍ በፊት በሰውነቱ ያውቀዋል። ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ መርሳ ሲወርድ ጉም መንገዱን ይሸፍነዋል። ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ፣ መስተዋቱን በእጁ እየወለወለ ይነዳል፤ ተሳፋሪውም ጨዋታውን ያቆማል። ሀብሩ ሲደረስ ዝናቡ ሊያባራ ይችላል፤ ሥጋቱ ግን አያባራም። በስተምዕራብ በደጋው ላይ የዘነበው ውሃ፣ ፀሐይ በወጣበት ሜዳ ላይ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣልና። መኪናው ከአስፋልቱ ወደ ገጠር የተገነጠለ እንደሆነማ ረዳቱ ወርዶ የወንዙን ጥልቀት በዱላ ይለካል፤ የሁሉም ዐይን እርሱ ላይ ይተከላል። ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ግን ርቀትን የሚወስነው ውሃ ነው።

ይህ ጭንቀት የቆየ ታሪክ አለው። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ «ከረመ» ማለት ክረምቱን በአንድ ስፍራ አሳለፈ ማለት ነው። ነገሥታቱና ሠራዊታቸው ይከርሙ ነበር፤ ነጋዴውም ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። «እንዴት ከረማችሁ?» የሚለው ሰላምታ ለብዙ ወራት ተቆራርጠው የቆዩ ሰዎች ጥያቄ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለመውሰድ የተነሡት ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ገደሉን እያስቆረጡ፣ ድንጋዩን እያስፈለጡ ሲጓዙ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር መሪ ጄኔራል ናፒየርም ጊዜውን የቈጠረው በዚያው ሰማይ ነው፤ በሚያዝያ መቅደላን ይዞ፣ ዋናው ዝናብ ሳይደርስበት ከአገር ለመውጣት ተጣደፈ። ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ክረምትን በመፍራት።

የፋሽስት ኢጣሊያ ጦርም ወረራውን የጀመረው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ በሚያዝያ ወር ደሴን ይዞ በብዙ መቶ ተሽከርካሪዎች ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጣርማ በር ላይ አርበኞች መንገዱን አፍርሰው፣ ዝናቡም አጨቅይቶ ጉዞውን አዘገዩበት። ወራሪው ከዚህ ትምህርት ወሰደ፤ ከአሥመራ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ አነጠፈ፤ የጣርማ በርን ተራራም በዋሻ ሸነቆረ። ዓላማው ጦሩን በክረምትም ማንቀሳቀስ ነበር። መንገዱ ከሠሪው ዕድሜ በላይ ቆየ፤ መርሳንና ወልድያን ከመሐል አገር ጋር ያገናኘውም እርሱ ነው።

ታዲያ ክረምት ተሸነፈን? በ1965 ዓ.ም. የወሎ ርሃብ መልሱን ይሰጠናል። ዝናብ በከዳቸው ጊዜ የራያና የየጁ ገበሬዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ዋናው መንገድ ወጡ፤ አውቶቡሶችንና መኪናዎችን እያስቆሙ ምግብ ለመኑ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ሲታዩ፣ መንግሥት የሸፈነው ርሃብ ለተማሪው ተገለጠ። ነገር ግን እናስተውል፤ የታየው መንገድ ላይ መድረስ የቻለው ሰው ነው። ጉልበት አንሶት ከወንዙ ማዶ የቀረውን ፎቶግራፍ አንሺም አላገኘውም።

የዛሬው ነጥቤ ይህ ነው። ገበሬው ጎተራው የሚራቆተው በሐምሌና በነሐሴ፣ አዝመራው ሳይደርስ ነው። የገጠሩ መንገድ የሚቈረጠውም በእነዚሁ ወራት ነው። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲመለስ ተስፋው ይመለሳል፤ በዚያው ዝናብ ግን እህል የጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ የርሃብን ታሪክ ስንጽፍ ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር ነበር ከማለት ጋር፣ ዝናቡ ማንን ከማን ለየ ብለን መጠየቅ አለብን።

የመንግሥት ሰነዶቻችን «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ» የሚል ሐረግ አላቸው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ በዚህ ዓይነት መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። ሐረጉ ውብ ነው፤ ደግሞም ከባድ ቃል ኪዳን ነው። የተገባው ለአስፋልት ዳር ተጓዥ ብቻ አይደለም፤ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተይዛ ወንዙ እስኪጎድል በምትጠብቅበት መንደር ላለው ሰው ጭምር ነው።

የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፤ ለጥናት ወደ ሀብሩ ስትወርዱ በበጋ ብቻ አትውረዱ። በጥር የምታዩት መንገድ የነሐሴውን አይነግራችሁም። ከወንዙ ማዶ ያለውን ሽማግሌ «እንዴት ከረሙ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሰላምታ ብቻ ሳይሆን ጥያቄም አድርጋችሁት መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት።