በአንድ ቦታ ያደረ መጽሐፍ፦ ከመቅደላ እስከ ማኅበራዊ ሚዲያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36 የተመዘገበውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ነቢዩ የተናገረውን ቃል ደቀ መዝሙሩ ባሮክ በክርታስ ላይ ጻፈው። ክርታሱ በንጉሡ በኢዮአቄም ፊት በተነበበ ጊዜ ንጉሡ የተነበበውን ክፍል በካራ እየቀደደ በፊቱ ወደሚነድደው እሳት ጣለው። ክርታሱ ተቃጠለ፤ ቃሉ ግን አልጠፋም። ነቢዩ ሌላ ክርታስ እንዲወስድ ታዘዘ፣ ባሮክም የፊተኛውን ሁሉ ዳግመኛ ጻፈ፤ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ንጉሡ በእጁ ያለውን አንድ ክርታስ ሲያቃጥል ቃሉን ያጠፋ መስሎት ነበር።

እስኪ ይህን ታሪክ ይዘን ራሳችንን እንጠይቅ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር፣ የተቀረጸው ትምህርት፣ የበዓላቱ ፎቶግራፍ፣ የአባላቱ ስም ዝርዝር ዛሬ የት ነው ያለው? በእኛ እጅ ነው ወይስ በሌላ ሰው ቤት? አንድ ቀን ያ ቤት ቢዘጋ ዳግመኛ የሚጽፍ ባሮክ አለን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምናገኘው ከራሳችን ታሪክ ነው።

መጻሕፍቱ እንዴት ተረፉ?

መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ ይዘቱ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የዚያ ምድር ሊቃውንት ሙሉውን መጽሐፍ አያውቁትም ነበር። በእኛ ዘንድ ሊተርፍ የቻለው መጽሐፉን የሚጠብቅ አንድ ታላቅ ግምጃ ቤት ስለነበረ አይደለም። በየገዳሙና በየአድባራቱ ጸሐፍት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ አንዱ ከሌላው እየገለበጡ ስላበዙት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፣ በጣና ደሴቶችና በሩቅ አምባዎች የነበሩት ቅጂዎች ለቀጣዩ ትውልድ ደረሱ። ከእኛ ከዎላይታ ጎረቤት፣ በጋሞ ምድር የምትገኘው ብርብር ማርያምም በዚያ የመከራ ዘመን ንዋያተ ቅድሳት እንደተጠበቁባት በአባቶች ይነገራል። ከመሐል አገር ርቆ መገኘት ያን ጊዜ ለጥበቃ ጠቀመ።

ተቃራኒውን ያስተማረን መቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት ብዙ የብራና መጻሕፍትን ሰበሰቡ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ንጉሡ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ማቆም ፈልገው ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ፣ ለዘመናት በየደብሩ ተበትኖ የነበረው ሀብት ሁሉ በአንድ ቦታ ተከማችቶ አገኘው። ወደ 350 የሚሆኑት መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተጫኑ፤ ከተቀሩት ብዙዎቹ በትግራይ በጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተተዉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትን ለማስመለስ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነባቸው። ያ መጽሐፍ ተመለሰ፤ ሌሎቹ ግን እስከ ዛሬ የሚነበቡት በለንደን ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ አባቶች ከዚህ የተማሩ ይመስላል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቤተ ክርስቲያናችን ከመንግሥት የባህል መሥሪያ ቤትና በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኝ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆና የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረች። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሡ። መጽሐፉ በደብሩ ቀረ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ ተቀመጠ። ባለቤቱ ሀብቱን ሳይለቅ ቅጂው በዛ።

መሐል አልባው መረብ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ስንል የምናስበው ሁለትና ሦስት ታላላቅ ድርጅቶችን ነው። አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ ፊዶኔት የሚባል መረብ ጀመረ። በመረቡ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በግለሰብ ወይም በትንሽ ተቋም ቤት የሚኖር ነበር። ኮምፒውተሮቹ የስልክ ሂሳብ በሚቀንስበት ሰዓት እርስ በርስ እየተደዋወሉ መልእክት ይለዋወጡ ነበር፤ የሁሉ ጌታ የሆነ አንድ ድርጅት አልነበረም። በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የኢሜይል አገልግሎቶች አንዱ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በሚባለው ክፍሉ አማካኝነት በ1980ዎቹ የፊዶኔት ማዕከል አቁሞ ነበር። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በጥር 1989 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ ማኅበራዊ ሚዲያ መጣ። ነጻ ነበር፤ ለአጠቃቀምም ቀላል ነበር። እኛም መዝሙራችንን፣ ስብከታችንን፣ ማስታወቂያችንን ሁሉ ወደዚያ ወሰድን። ሳናውቀው ዳግመኛ ሁሉን ወደ አንድ አምባ አወጣነው።

የዚህን ዋጋ በ2015 ዓ.ም. አየነው። በጥር ወር ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ምክንያት ቤተ ክርስቲያናችን የገባችበትን ፈተና፣ በጾመ ነነዌም ምእመናን ጥቁር ለብሰው ያለቀሱትን ልቅሶ ሁላችን እናስታውሳለን። ጾሙ በተፈጸመ ማግስት፣ የካቲት 2 ቀን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገደቡ፤ ገደቡም እስከ ሐምሌ ቆየ። ለአምስት ወራት ያህል ቪፒኤን የማያውቅ ሰው የራሱን ሰንበት ትምህርት ቤት ትምህርት መክፈት አልቻለም። ትምህርቱ አልተሰረዘም፤ ነገር ግን በሩ በእጃችን አልነበረም።

ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮችኮ የተባለ ወጣት በጀርመን ማስቶዶን የተባለውን ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሠራ። በ2018 ደግሞ አክቲቪቲፐብ የተባለው የጋራ የመነጋገሪያ ሥርዓት የዓለም አቀፉን የድረ ገጽ ደረጃ አውጪ ተቋም እውቅና አገኘ። አሠራሩን ለመረዳት አጥቢያዎቻችንን ማሰብ ይበቃል። የገሱባ አጥቢያ የራሱ ሰበካ ጉባኤ፣ የራሱ ንብረት፣ የራሱ ቁልፍ አለው፤ የጎንደሩም እንዲሁ። ሆኖም ሥርዓተ ቅዳሴው አንድ ስለሆነ ከዚህ የሄደ ዲያቆን እዚያ ገብቶ ያገለግላል። በማስቶዶንም እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ሰርቨር ያቆማል፤ መነጋገሪያው ሥርዓት የጋራ ስለሆነ በአንዱ ሰርቨር ያለ ሰው በሌላው ካለው ጋር ይጻጻፋል። አንዱ ቢዘጋ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ይህ ግን መድኃኒት ለሁሉ አይደለም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። የራስን ሰርቨር ማቆም ገንዘብ፣ የማይቋረጥ መብራትና ንቁ ጠባቂ ይጠይቃል። ጠባቂው ቸል ካለ ከትልቁ ድርጅት ይልቅ ፈጥኖ ይዘረፋል። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. እንደሆነውም ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ያልተማከለውም የተማከለውም በርቀት ያለ ሰርቨር እኩል ዝም ይላል። ያን ጊዜ የሚያገለግለው በእጅ ያለ ቅጂ ብቻ ነው።

የገመና ጥበቃ

ሌላው ጉዳይ ምሥጢር ነው። ጌታችን ስንጸልይ ወደ እልፍኛችን ገብተን ደጃችንን እንድንዘጋ አስተምሮናል። የንስሐ አባትም የሰማውን አያወጣም። እኛ ግን በየገጹ ሥር ሕመማችንን ከክርስትና ስማችን ጋር ጽፈን “በጸሎታችሁ አስቡኝ” እንላለን። ልመናው መልካም ነው፤ ቦታው ግን አደባባይ ነው። የጻፍነውን የሚያነበው የሚጸልይልን ወንድም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ የምርጫ ቅስቀሳ ድርጅት ያለ ፈቃዳቸው ደርሶ እንደነበር ታውቋል። ቴሌግራምም ቢሆን የቡድንና የቻናል መልእክቶችን በራሱ ሰርቨሮች ያስቀምጣል፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ የሚቆለፈው ‘ሚስጥራዊ ቻት’ የሚባለው ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ። ከዓመታት በፊት የአንድ ክፍል አባላትን ስም፣ የክርስትና ስም፣ ስልክ ቁጥርና የንስሐ አባት ስም የያዘ ዝርዝር ለሥራ ይቀላል ብዬ ለሁሉ ክፍት በሆነ ቡድን ውስጥ ያስቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። አንዲት እህታችን የማታውቀው ሰው በክርስትና ስሟ እየጠራ እንደሚደውልላት ስትነግረኝ ነው የደነገጥሁት። ዝርዝሩን ወዲያው አነሣሁት፤ የተወሰደውን ግን መመለስ አልቻልሁም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እርሷም ይቅር አለችኝ። ስልክ ቁጥሯን ግን መቀየር ነበረባት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ደንግጓል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሃይማኖት እምነትን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ቆጥሮታል። እኛ ግን ከሕግ አስቀድሞ በፍቅር የምንጠየቅ ነን። አባል ሆኖ የተመዘገበ ወጣት ስሙን አደራ ሰጥቶናል፤ አደራ ደግሞ አይበላም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ማኅበራዊ ሚዲያን እንተወው አልልም፤ ሰው ባለበት ቦታ ወንጌል ሊሰበክ ይገባልና። ነገር ግን ገጹን እንደ ዐውደ ምሕረት እንጂ እንደ ዕቃ ቤት አንጠቀምበት። በዐውደ ምሕረት ይሰበካል፤ ንዋያተ ቅድሳት ግን ተቆልፎባቸው በዕቃ ቤት ይቀመጣሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ የተቀረጸ ነገር ሁሉ ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛው ከቅጥሩ ውጭ በሌላ ቤት፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት። ሁለተኛ፣ የገጹ ወይም የቻናሉ ቁልፍ በአንድ ሰው ስልክ ብቻ አይንጠልጠል፤ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ይያዙት፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ይብራበት። ሦስተኛ፣ የማያስፈልግ መረጃ አንጠይቅ። የንስሐ አባቱን ስም ለመዘምራን ክፍል ምን ያደርግለታል? አራተኛ፣ በየአጥቢያችን ኮምፒውተር የሚያጠኑ ወንድሞችና እህቶች አሉ። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ብቻውን ሰርቨር ማቆም ቢከብደው፣ የገሱባና የሶዶ፣ የቦዲቲና የአረካ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ተባብረው አንድ የጋራ ቤት ሊያቆሙ ይችላሉ።

ባሮክ ዳግመኛ ለመጻፍ የቻለው የነቢዩ አፍና የራሱ እጅ አብረውት ስለነበሩ ነው። እኛም በዚህ ሳምንት ወደ አገልግሎት ክፍላችን ስንገባ አንድ ፍላሽ ይዘን እንግባ፤ ቢያንስ የዘንድሮውን መዝሙርና ትምህርት ገልብጠን እንውጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።