የመንግሥት ድረ ገጾች በመፈለጊያ እንዲገኙና በተንቀሳቃሽ ስልክ ለተገልጋዩ እንዲደርሱ

አንድ ተገልጋይ የንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ሲያስብ በቅድሚያ ማወቅ የሚፈልገው ምን ምን ማስረጃ ይዞ መቅረብ እንዳለበት ነው፡፡ ቀደም ባሉት ዓመታት የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ከመረጃ ዴስክ ነበር፡፡ ዛሬ ግን በርካታ ተገልጋዮች ጥያቄውን መጀመሪያ የሚያቀርቡት በእጃቸው ለያዙት ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው፡፡

ተገልጋዩ መልሱን በስልኩ ካላገኘ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ከተማ ተጉዞ አንድ ሰነድ በመጉደሉ ብቻ ሊመለስ ይችላል፡፡ በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎችም ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም ውክልና ለመስጠት ሲፈልጉ የሚገጥማቸው ችግር ተመሳሳይ ነው፡፡ ትክክለኛው መረጃ በማይገኝበት ቦታ የደላሎችና የአጭበርባሪዎች ገጽ ሊቀድም መቻሉ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል፡፡

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ስለሚሰጡት አገልግሎት መረጃ አሳትመው ለሕዝብ ተደራሽ እንዲያደርጉ መደንገጉ ይታወሳል፡፡ በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂም የመንግሥትን አገልግሎት በኤሌክትሮኒክስ ዘዴ መስጠትን ከዓላማዎቹ መካከል አካትቶ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ መረጃን ድረ ገጽ ላይ ማስፈርና መረጃው ለተገልጋዩ መድረሱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፡፡ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመዝጋት የሚያስፈልገው በአብዛኛው ከፍተኛ በጀት ሳይሆን የአጻጻፍና የአሠራር ጥንቃቄ ነው፡፡

መፈለጊያው የሚሠራበት መንገድ

እንደ ጎግልና ቢንግ ያሉ የኢንተርኔት መፈለጊያዎች ሥራቸውን በሦስት ደረጃዎች ያከናውናሉ፡፡ በመጀመሪያ አሳሽ ፕሮግራሞቻቸው ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው በማገናኛዎች አማካይነት እየተዘዋወሩ ገጾችን ይጎበኛሉ፡፡ ቀጥሎም ያገኙትን ጽሑፍ በማውጫ ይመዘግባሉ፡፡ በመጨረሻም ጥያቄ ሲቀርብላቸው ለጥያቄው ይበልጥ ይስማማሉ የሚሏቸውን ገጾች በቅደም ተከተል ያቀርባሉ፡፡

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው አሳሹ ያልደረሰበት ወይም ደርሶ ሊያነበው ያልቻለ ገጽ የቱንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን በውጤቱ ውስጥ አይታይም፡፡ ከሌላ ገጽ ምንም ማገናኛ የሌለው ገጽ ሳይጎበኝ ሊቀር ስለሚችል የድረ ገጹን ገጾች ሁሉ የሚዘረዝር የገጾች ካርታ ማዘጋጀትና ለመፈለጊያዎቹ ማሳወቅ ይጠቅማል፡፡ በቅርብ ዓመታት መፈለጊያዎች ከገጾች ያነበቡትን አጠቃለው መልስ መስጠት በመጀመራቸው የገጾች ተነባቢነት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል፡፡

ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ይቀመጥ

በመሥሪያ ቤቶች ከሚታዩ ልማዶች አንዱ ማኅተምና ፊርማ ያረፈበትን መመሪያ ወይም ማስታወቂያ ስካን አድርጎ በምስል መልክ መጫን ነው፡፡ ሰነዱ ለሰው ዓይን ቢነበብም ለኮምፒዩተር ፎቶግራፍ ነው፡፡ መፈለጊያዎች ከምስል ላይ ፊደል ለመለየት ቢሞክሩም ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም፡፡ ስለሆነም ማኅተም ያለበት ቅጂ ለማስረጃነት አብሮ ቢቀመጥም ይዘቱ በተተየበ ጽሑፍ በገጹ ላይ መስፈር ይኖርበታል፡፡

የፊደሉ ዓይነትም ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ተካትቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ወጥ ቁጥር ተሰጥቶታል፡፡ ከዚያ በፊት በተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የተተየቡ ሰነዶች ግን የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው የሚጠቀሙ በመሆናቸው ለመፈለጊያው ትርጉም የለሽ የምልክቶች ድርድር ናቸው፡፡ እንዲህ ያሉ ነባር ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ሊለወጡ ይገባል፡፡

ሕዝቡ በሚጠራበት ስም

አንድ አገልግሎት በአዋጅ የተሰጠው ስምና ሕዝቡ የሚጠራበት ስም ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም፡፡ በሕግ ሰነድ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» የተባለውን ተገልጋዩ «መንጃ ፈቃድ» ብሎ ይፈልገዋል፡፡ «የታክስ ከፋይ መለያ ቁጥር» ደግሞ በነጋዴው ዘንድ የሚታወቀው «ቲን ነምበር» በመባል ነው፡፡ በገጹ ላይ የሕጉ ስም ብቻ ከሰፈረ ጠያቂውና መልሱ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ፡፡

መፍትሔው የተለመደውን ስም በገጹ ርዕስና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መጠቀም፣ ሕጋዊውን ስም ደግሞ አስከትሎ ማስፈር ነው፡፡ አንድን ቃል ያለ አግባብ መደጋገም ወይም ለአንባቢ በማይታይ ቀለም መደበቅ ግን በመፈለጊያዎቹ ደንብ የተከለከለ በመሆኑ ገጹን ከውጤት ሊያስወጣ ይችላል፡፡ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ» የሚለውን ለሁሉም ገጾች ርዕስ ማድረግም መወገድ ያለበት ልማድ ነው፡፡ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ገጽ፣ እያንዳንዱ ገጽም ይዘቱን የሚገልጽ የራሱ ርዕስ ሊኖረው ይገባል፡፡

በአማርኛ አንድ ድምፅ በተለያዩ ሆሄያት መጻፉም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል፡፡ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ሆሄያት ናቸው፡፡ «ፈቃድ» እና «ፍቃድ» ወይም «ሥራ» እና «ስራ» ብለው የሚጽፉ ተገልጋዮች አሉ፡፡ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ጽሑፎች አንድ ወጥ አጻጻፍ መከተል፣ በድረ ገጹ ውስጥ ያለው መፈለጊያም ሞክሼ ሆሄያትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማስደረግ ይኖርበታል፡፡

ቅድሚያ ለተንቀሳቃሽ ስልክ

ጎግል ድረ ገጾችን በተንቀሳቃሽ ስልክ በሚታዩበት መልክ ለመመዝገብ ያቀደውን አሠራር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን ሽግግሩን ማጠናቀቁን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፡፡ በመሆኑም በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ የሚታይ፣ በስልክ ላይ ግን የተቀነሰ መረጃ ከማውጫው ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፡፡ ለዚህም ሁለት የተለያዩ ድረ ገጾችን ከማዘጋጀት ይልቅ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያስተካክል አንድ ድረ ገጽ መሥራት ይመረጣል፡፡

የገጹ ክብደትም የተገልጋዩን ገንዘብና ጊዜ ይነካል፡፡ በዩኒኮድ የተለመደ አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ሆሄ 3 ባይት ስለሚይዝ 2,000 ሆሄያት ያሉት ማስታወቂያ 6 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፡፡ ይኸው ማስታወቂያ ስካን ተደርጎ ሲጫን ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎባይቶች ሊሆን ይችላል፡፡ ጎግል ባወጣው መለኪያ መሠረት ከጉብኝቶቹ 75 በመቶ በሚሆኑት ላይ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት፡፡

ኢንተርኔት የሌለውን ስልክ የያዘ ተገልጋይም መዘንጋት የለበትም፡፡ በ2013 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቴሌብር በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን በ*127# የሚሠራ መሆኑ ተራ ስልክ የያዙ ደንበኞችን ለመድረስ እንዳስቻለው ሁሉ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ቀጠሮን ለማሳወቅና ጉድለትን አስቀድሞ ለመጠቆም ያገለግላል፡፡

ስም ሲለወጥ አድራሻ እንዳይጠፋ

መሥሪያ ቤቶች ሲዋሀዱ ወይም ሲከፈሉ የድረ ገጽ አድራሻቸውም ይለወጣል፡፡ ለአብነት በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተዋህደው የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተመሥርቷል፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ ነባሩ አድራሻ ቢዘጋ ሌሎች ድረ ገጾች ለዓመታት የሰጡት ማገናኛና በመፈለጊያ የተገኘው ተቀባይነት አብሮ ይጠፋል፡፡ ስለዚህ እያንዳንዱ ነባር ገጽ ወደ ተተኪው በቋሚነት እንዲመራ ማድረግ የርክክቡ አካል ሊሆን ይገባል፡፡

ማስታወቂያን በፌስቡክና በቴሌግራም ብቻ ማውጣትም የራሱ ጉድለት አለው፡፡ መልእክቱ ለዕለቱ በፍጥነት ቢሠራጭም ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌሎች መልእክቶች ስለሚሸፈን ሙሉ መረጃው በድረ ገጹ ላይ ሰፍሮ በማኅበራዊ ገጾቹ ወደዚያው ማመልከት የተሻለ ነው፡፡

ከግዥ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«ድረ ገጻችሁን በመፈለጊያ አንደኛ እናደርጋለን» የሚል ዋስትና የሚሰጡ ድርጅቶች ሊያጋጥሙ ይችላሉ፡፡ ጎግል ራሱ ይህን ዋስትና ማንም ሊሰጥ እንደማይችል ይገልጻል፡፡ በክፍያ የሚወጣ ማስታወቂያም ክፍያው ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፡፡ በአንጻሩ ድረ ገጹ በየትኞቹ ቃላት እንደተፈለገና የትኞቹ ገጾች እንዳልተመዘገቡ የሚያሳየው የጎግል የክትትል መሣሪያ በነፃ ይገኛል፡፡

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ኃላፊው ራሱ ሊያከናውነው የሚችል ቀላል ፍተሻ አለ፡፡ ይኸውም የቢሮውን ዋይፋይ አጥፍቶ በስልኩ ዳታ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳይጠቅስ፣ ባለጉዳዩ በሚናገርበት ቃል አገልግሎቱን መፈለግ ነው፡፡ የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች፣ ክፍያው፣ የሚወስደው ጊዜና የቢሮው አድራሻ ፋይል ማውረድ ሳያስፈልግ ከተገኙ ድረ ገጹ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ካልተገኙ ግን መረጃው ተሰጥቷል ተብሎ በሪፖርት ሊመዘገብ አይገባውም፤ ባለጉዳዩ አሁንም በአካል መጥቶ በር ላይ መጠየቁ የማይቀር ነውና፡፡