ከሽፍትነት ወደ ዙፋን፦ የዋግሹም ጎበዜ ሕይወትና የሕግ ጥያቄ



የአሜሪካ ምዕራብ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የዋያት ኧርፕ ስም ይነሣል። የሕግ አስከባሪነቱ ዝና የገነነው እ.ኤ.አ. በ1881 ቱምስቶን በተባለች የአሪዞና ከተማ በተደረገው ተኩስ ነው። ይኸው ሰው ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በፈረስ ስርቆት ተከሶ ነበር፤ በ1882 ደግሞ የወንድሙን ደም ሊመልስ ወጥቶ በነፍስ ግድያ የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት። ሕግ አስከባሪና ሕግ ተላላፊ በአንድ ሰው ውስጥ ሲፈራረቁ ማየት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ሕይወት ምስክር ነው።

ዋግሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩ፣ በግዛታቸው ግብር ተቀባይም ዳኛም የነበሩ መሳፍንት ናቸው። የጎበዜን አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ በሞት ቀጧቸው። ልጅየውም ሸፍተው ላስታን ያዙ። እዚህ ላይ ልብ ይሏል! ቀጪው ንጉሥ ራሳቸው በወጣትነታቸው በቋራ ሽፍታ ነበሩ፤ ከነገሡ በኋላ ግን ሁሉም ወደየአባቱ ሙያ እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ሽፍትነትን አወገዙ። የትናንቱ ሽፍታ ዛሬ ሕግ ሆነ፤ የዛሬው ሕግም የነገውን ሽፍታ ወለደ።

በ1868 ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ ገዥ የደጃዝማች ካሣ ምርጫ እኅት ነበሩ፤ ጋብቻው ግን ጦርነቱን አላስቀረም። ሐምሌ 11 ቀን 1871 ዓድዋ አጠገብ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ለካሣ ትቶላቸው የሄደው መድፍና ጠመንጃ ብዛት የነበረውን የጎበዜን ሠራዊት ፈታ። ዳኛው፣ ሽፍታው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእስር ሞቱ። ካሣም በ1872 አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ታዲያ በዚያ ዘመን ሕግ አልነበረም ማለት ነውን? አይደለም። ሌባ ሲጠፋ የመንደሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ይቀመጥ ነበር። ገበሬው ፍትሐ ነገሥትን ጠቅሶ፣ ዋስ ጠርቶ ይሟገት ነበር። ሕግ የጎደለው ከታች ሳይሆን ከላይ ነው። ዋያት ኧርፕን ከቱምስቶኑ ተኩስ በኋላ ዳኛ ስፓይሰር ችሎት አቁሞ መረመረው፤ በመጨረሻ በነፃ ቢያሰናብተውም ባለባጁ ለጥያቄ ቀርቧል። በቴዎድሮስና በገብረ መድኅን፣ በጎበዜና በካሣ መካከል የቆመ ዳኛ ግን አልነበረም። ዳኛው ጦርነት ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ 2021 ላሊበላ ከአንዱ ታጣቂ ወደ ሌላው ደጋግማ ስትተላለፍ፣ የከተማይቱ ነዋሪ በየጊዜው አዲስ «ሕግ አስከባሪ» ተቀብሏል። ከጎበዜ ወዲህ መቶ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ከአሸናፊው በላይ የሚቆም ዳኛ እስካላበጀን ድረስ «ሽፍታው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ያሸነፈው ወገን ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።