መስመሩን የሚቆርጠው ማነው?

ስለ አውሮፓ የቴሌኮም ሕግ ማሻሻያ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ታሪፍንና ውድድርን ነው። እኔን ግን ከዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ አብልጦ የሚስበኝ፣ የዜጋን የኢንተርኔት መስመር የመቁረጥ ሥልጣን የማነው? በሚል የተነሣው ክርክር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በምዕራብ አውሮፓ ስልክ ለረጅም ዘመን እንደ ፖስታ ሁሉ በአብዛኛው የመንግሥት ብቸኛ ይዞታ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በ1987 «አረንጓዴ ሰነድ» በተባለው የመወያያ ጽሑፉ ገበያው እንዲከፈት ሐሳብ አቀረበ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮም በአብዛኞቹ አባል አገሮች የድምፅ ስልክ ሳይቀር ለውድድር ተከፈተ። የ2002ቱ የሕግ ጥቅል ተከተለ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በዋናነት የነጋዴውና የተቆጣጣሪው ጉዳይ ነበር።

ኮሚሽነር ቪቪያን ሬዲንግ በኖቬምበር 2007 አዲስ ማሻሻያ ሲያቀርቡ ግን የዜጋው ጉዳይ ገባበት። በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ መንግሥት፣ ሙዚቃና ፊልም ያለፈቃድ ያወርዳሉ የተባሉትን ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆ በሦስተኛው መስመራቸውን የሚቆርጥ «ሀዶፒ» የተባለ አስተዳደራዊ አካል ለማቋቋም ይዘጋጅ ነበር። የአውሮፓ ፓርላማ በሴፕቴምበር 2008 ማሻሻያ ቁጥር 138ን በ573 ድጋፍና በ74 ተቃውሞ አጸደቀ፦ የሕዝብ ደኅንነት አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር፣ ፍርድ ቤት አስቀድሞ ሳይወስን የተጠቃሚው መሠረታዊ መብት አይገደብም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይህን ሠረዘው፤ ፓርላማው በሜይ 2009 መልሶ አጸደቀው።

ፍጻሜው ድርድር ሆነ። በኖቬምበር 2009 የጸደቀው ሕግ «የፍርድ ቤት ቀዳሚ ውሳኔ» በሚለው ፈንታ «ቀዳሚ፣ ፍትሐዊና ገለልተኛ ሥነ ሥርዓት» የሚል ቃል ያዘ፤ ንጹሕ ሆኖ የመገመትና ጉዳዩን በፍርድ ቤት የማስመርመር መብትም ተካተተ። ልዩነቱ የቃላት ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ዳኛ አስቀድሞ ሲገባ ማስረዳት ያለበት መስመሩን ሊቆርጥ የፈለገው ነው፤ ዘግይቶ ሲገባ ግን ደጅ የሚጠናው የተቆረጠበት ሰው ነው።

በአውሮፓ ደረጃ የላላው ቃል ፓሪስ ላይ ቀደም ብሎ ጠብቆ ነበር። የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት በጁን 10 ቀን 2009፣ የ1789ኙን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ መሠረት አድርጎ፣ እንዲህ ያለው ሥልጣን ለአስተዳደራዊ አካል ሊሰጥ አይችልም አለ። ሥልጣኑ ወደ ዳኛ ተዛወረ፤ በሀዶፒ ሕግ የመጣው መስመር የመቁረጥ ቅጣትም በ2013 ቀረ።

እንግዲህ ገበያ መክፈት ብቻውን ዜጋን አያስከብርም። ባለ መስመሩ መንግሥትም ይሁን ኩባንያ፣ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ዳኛ ፊት ሊቆም ይገባዋል እላለሁ።